ሦስት ቋጠሮ

ቅዳሜ በማለዳ፣ የመሐል ሜዳ ገበያ ሳይሞላ፣
የጓሳ ንፋስ ወርዶ ሸራዬን ሲያጉላላ፣
አንድ ሰው በረንዳዬ መጣ፤
ከብብቱ ሥር የቃጫ ገመድ አወጣ።
"ልጄ ይህን ያህላል" አለኝ።
ተቀበልኩት። ልጁን በመዳፌ የጨበጥኩ መሰለኝ።

ሦስት ቋጠሮ ነበረው፤
የፊተኛው ትከሻው፣
የመካከሉ እጁ፣ የመጨረሻው ቁመት፤
"ጫፉን አትይው" አለኝ፣ "ፍየል አኝካበት።"

እንግዳሸት ይባላል፤ አገሩ ከሞፈር ውሃ ማዶ።
የልጁ ስም ማስረሻ።
ማንን እንዳስረሳ አልጠየቅሁም፤
የልብስ ሰፊ እጅ ጨርቅ ይተረትራል እንጂ ስም አይተረትርም።

"እጀ ጠባብ ነው የምፈልግ፤
ኪስም አይኑረው፣ ኮሌታም አልፈልግ፤
አንገቱ ላይ ሸብሸብ፣ እጁ ላይ ጠበብ፣
ብርድ የሚያስቀር እንጂ አልመጣሁም ለወግ።"

አቡጀዲውን ዘረጋሁ፤ ገመዱን በላዩ አጋደምኩ፤
በጠመኔ ትከሻውን አሰመርኩ፣ እጁን አሰመርኩ፤
ቁመቱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።
እንደገና ለካሁ፣ በስንዝሬ፣ በጋቴ፣ በክንዴ፤
ትከሻው የስድስት ዓመት ልጅ፣
ቁመቱ የሦስት ዓመት፣ እንዴ?

"ልጅህ ደኅና ነው?" አልኩት።
"ምነው?"
"ከትከሻው በታች ያለው የት ሄደ? የት ገባ ቁመናው?"

ጋቢውን ወደ አፍንጫው ሳበ፤
መሬት መሬት እያየ ጥቂት አሰበ።
"ተኝቶ ነው የለካሁት።
በጓ ባትሸጥልኝስ ብዬ፣ ነቅቶ ተስፋ እንዳያደርግ ፈራሁት።"

"አተኛኘቱስ?"
"እንደኛው ነዋ! በዚህ ውርጭ ማን ተዘርግቶ ይተኛል?
ዝተቱን ተከናንቦ፣ ጉልበቱን ካገጩ አጋጥሞ፣
እንደ ጃርት ይጠቀለላል።"

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ከጉሮሮዬ ቀረ።
ሃያ ዓመት ሰፍቻለሁ፣
ለሙሽራ፣ ለቄስ፣ ለወታደር፤
የታጠፈ ሰው ግን ለክቼ አላውቅም ነበር።

ጀርባ ሲጎብጥ የሚውጠው ስንት ነው?
ጉልበት ሲታጠፍ የሚሰርቀው ስንት ነው?
በረንዳው ላይ ቁጢጥ አልኩ፣ ቆምኩ፣ ደግሜ ቁጢጥ አልኩ፤
እንግዳሸት በገመዱ ጥላዬን ለካ፤
ጎረቤቴ ጨው ሻጯ "ምን ነካሽ?" ብላ ተንካካች፤
እኔ ግን ቆጠርኩ።

አንድ ስንዝር ጨመርኩ፣ ለተኛበት።
አንድ ጋት ደግሞ ጨመርኩ፣ ላልደረሰበት።
ያመጣው ጨርቅ አልበቃም፤
ከራሴ ቁራጭ ብብቱ ሥር ገባ፤
ይህን አልነገርኩትም፣ በሒሳቡም አልገባ።

መኪናዬ ቀኑን ሙሉ አጉረመረመች።
ትከሻው ተጋጠመ፣ እጅጌው ገባ፣
አንገቱ በክር ተሳበና ተሸበሸበ እንደ አበባ፤
የታችኛውን ጠርዝ ግን ለመኪና አልሰጠሁም፤
ጋቷን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ በእጄ፣ ክሩን ላላ አድርጌ
ዘመዘምኩት፤
እናቱ ቀን ሲደርስ በጥርሷ እንድትፈታው።

ሁለት ክረምት አለፈ።
ወፍጮ ቤት ተራ ይዤ፣ ዱቄት ፊቴን አልብሶኝ፣
ከአህያ ኋላ አንድ ልጅ ዓይኔን ወሰደብኝ።
እጀ ጠባቡ አፈር መስሏል፣ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤
ከታች ግን አንድ ጋት፣
ዙሪያውን፣
ፀሐይ ያላየው፣ ጭቃ ያልነካው፣ እንደ አዲስ ይታያል።
እናቱ ፈትታዋለች።
የቀድሞዋ እጥፋት መስመር ብቻ ቀርታለች።

"ማስረሻ!"
ዞረ። ቀጥ ብሎ ቆመ።
"ማነሽ አንቺ?"
ምን ልበለው? በሦስት ቋጠሮ አውቅሃለሁ ልበለው?
ተኝተህ ሳለህ በእጄ ነበርክ ልበለው?
እጅጌው አጥሯል፣ አንጓው ብርድ በልቶት ቀልቷል፤
ሌላ ዓመት አይጨርስም፣ ልብሱ ከአሁኑ ቀርቷል።

መቀነቴን ፈታሁ፤ ሌላ መለኪያ አልያዝኩም።
"ና" አልኩት፣ "እጅህን ዘርጋ።
ዛሬስ ነቅተህ ልለካህ።"